የ20 ማይክሮሜትር አየር

ገበያ ወርዶ ምጣድ የሚገዛ ሰው ሸክላውን በጣቱ አንኳኩቶ ያዳምጣል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ስለሚታፈን ዐይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋል። የካርቦን ፋይበር አካልን በሳንቲም ወይም በትንሽ መዶሻ እያንኳኩ የሚፈትሹ የአውሮፕላን ቴክኒሻኖችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 መረከብ የጀመረው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት (በሙጫ የተያያዙ የፋይበር ንጣፎች) ሲሆን፣ በእንዲህ ዓይነት አካል ላይ የወደቀ መፍቻ ከላይ እምብዛም ምልክት ሳይተው ከውስጥ ንጣፎቹን ሊያላቅቅ ይችላል።

ሰፊ ገጽን በማንኳኳት መፈተሽ አድካሚ በመሆኑ የሙቀት ካሜራ ተመራጭ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ገጹ በኃይለኛ ብልጭታ ለቅጽበት ይሞቃል፤ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሲሰርግ ክፍተት ካጋጠመው መንገዱ ስለሚዘጋበት፣ ከክፍተቱ በላይ ያለው ገጽ ከአካባቢው ይልቅ ሞቆ ይቆያል።

ይህን በኮምፒውተር ለማስመሰል 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን የኮምፖዚት ሰሌዳ በ0.1 ሚሊሜትር ከፋፍዬ፣ የሙቀት ስርገቱን (ሙቀት በውስጡ የሚሰራጭበትን ፍጥነት) በሴኮንድ 0.4 ካሬ ሚሊሜትር አድርጌ፣ በፓይተን አጭር ፕሮግራም ጻፍሁ። የጊዜ እርምጃው ከ0.0125 ሴኮንድ ካለፈ ስሌቱ ይናጋና ሙቀቱ ትርጉም በሌለው ሁኔታ ሽቅብ ቁልቁል ይዘላል፤ የመጀመሪያውን ምሽት ያባከንሁት በዚሁ ነው። ገጹ በየካሬ ሴንቲሜትሩ 1 ጁል እንዲቀበልና በ1 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ጉድለት ሙቀትን ፈጽሞ እንዳያሳልፍ ሳደርግ፣ ከ2.5 ሴኮንድ በኋላ ጤነኛው ገጽ ከመነሻው 3.5 ዲግሪ ያህል፣ ጉድለት ያለበት ግን 6.2 ዲግሪ ያህል ሞቆ ተገኘ። የ0.02 ዲግሪ ልዩነትን ለሚለይ ካሜራ ይህ በጣም ትልቅ ልዩነት ነው።

ችግሩ «ፈጽሞ አያሳልፍም» ያልሁት ላይ ነው። እኔ የወሰድሁት ኮምፖዚት በውፍረቱ አቅጣጫ ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከአየር 25 እጥፍ ያህል አብልጦ ስለሆነ፣ 20 ማይክሮሜትር (0.02 ሚሊሜትር) ስፋት ያለው የአየር ክፍተት ሙቀትን የሚገታው ግማሽ ሚሊሜትር ኮምፖዚት የሚገታውን ያህል ብቻ ነው። ከክፍተቱ በላይ ያለው የ1 ሚሊሜትር ንጣፍ አብዛኛውን ትርፍ ሙቀቱን ወደ ታች ለማሳለፍ ከ1 ሴኮንድ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይበቃዋል። እኔ ደግሞ ምስሉን የምጠብቀው በ2.5ኛው ሴኮንድ ነበር፤ እስከዚያ ልዩነቱ ጎልቶ መደብዘዝ ይጀምራል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ይህ በኮምፒውተር የማስመሰል ሥራ (ሲሙሌሽን) የሚረጋገጥበት መንገድ ነው። በቤተ ሙከራ ሰው ሠራሽ ጉድለት የሚዘጋጀው ብዙውን ጊዜ ሰሌዳውን ከጀርባው በመብሳት ነው፤ የተበሳ ጉድጓድ ደግሞ ሙቀትን ከሞላ ጎደል ፈጽሞ አያሳልፍም፤ ልክ እንደ እኔ ፕሮግራም። ሁለቱ ቢስማሙ ምን ይደንቃል? ስሕተታቸው አንድ ነውና። በንጣፎች መካከል የቴፍሎን ቁራጭ መቅበርም የተለመደ ቢሆንም፣ ቴፍሎን ራሱ ከአየር አሥር እጥፍ ገደማ ሙቀትን ያስተላልፋል።

በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሰላ ፕሮግራም ሙቀት በፋይበሮቹ አቅጣጫ ወደ ጎን እንደሚሸሽም ይዘነጋል፤ ስለዚህ የጉድለቱ ራዲየስ ቢያንስ የጥልቀቱን ያህል መሆን አለበት የሚለው የሙያተኞች ግምት ለካርቦን ፋይበር ለጋስ ይመስለኛል። ጥልቀት ሲጨምርም የመጠበቂያው ጊዜ በካሬው ያድጋል፤ 2 ሚሊሜትር 10 ሴኮንድ፣ 3 ሚሊሜትር 22.5 ሴኮንድ ይጠይቃል።

አሁን የክፍተቱን ስፋት ከ5 እስከ 100 ማይክሮሜትር እየቀያየርሁ፣ የብልጭታውንም ወጥ አለመሆን እየጨመርሁ አሰላለሁ። በ100 ማይክሮሜትር ጉድለቱ በግልጽ ይታያል፤ በ5 ማይክሮሜትር ከብልጭታው መዛነፍ መለየት ያስቸግራል፤ ንጣፎቹ ሳይጣበቁ እርስ በርስ ተጫጭነው የተነካኩበትን ስፍራ ግን ፕሮግራሙ ከጤነኛው ጋር አንድ አድርጎ ይሥለዋል።