አገር የሌለው ሰው መብት

ዛሬ የፖለቲካ ፈላስፋዋን ሐና አረንትን ሳነብ ዋልኩ። አንድ ሐሳቧ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። ዜግነቱን የተነጠቀ ሰው ትንሽ ስርቆት ቢሰርቅ ይሻለዋል ትላለች። ሌባ ሲሆን ዳኛ ፊት ይቀርባል፣ ጠበቃ ይቆምለታል። ምንም ሳያጠፋ ግን ፖሊስ እንዳሻው ያስረዋል፣ ያባርረዋል።

ነገሩን በራሷ ላይ ደርሶ አይታዋለች። አይሁዳዊት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ከናዚ ጀርመን ሸሸች። በ1940 ደግሞ የተጠለለችባት ፈረንሳይ ጉርስ የሚባል ካምፕ ውስጥ አሰረቻት፤ ያውም ጀርመናዊት ነሽ ተብላ! ፈረንሳይ በጀርመን ስትሸነፍ በተፈጠረው ግርግር ጥቂት ሴቶች መውጫ ወረቀት አገኙ። የጥርስ ብሩሽ ብቻ ይዞ መውጣት ነበር። እሷ ወጣች። ከቀሩት ብዙዎቹ በ1942 አውሽቪትዝ ወደሚባለው የናዚዎች የመግደያ ካምፕ ተጋዙ።

መብት ሰው በመሆን ብቻ ይገኛል እንባላለን። አረንት ግን ሰው ከመሆኑ በቀር ምንም ያልቀረው መብቱን የሚያስከብርለት ያጣል ትላለች። እኔም እውነቷን ነው እላለሁ። በሜዲትራኒያን ባሕር ከሞት የተረፉ ስደተኞችን የጫኑ መርከቦች ወደብ ተከልክለው ለቀናት ሲንከራተቱ አይተናል። የእነዚያ ሰዎች መብት የማን ግዴታ ነው? አረንትን ያነበባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ሐሳባችሁን ጻፉልኝ።