ሳንፈራረም የጀመርነው ሥራ

ከስምንት ዓመት ቅጥር በኋላ የራሴን የሒሳብ ቢሮ ስከፍት የሚያስፈራኝ ደንበኛ ማጣት ነበር። ችግሩ የመጣው ግን ደንበኛ ከተገኘ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ አነስተኛ ንግድ ያለው ሰው ነው። ከድሮ መሥሪያ ቤቴ ይዤው የወጣሁት አይደለም። ይህን የምለው ሥራ ሲለቁ የደንበኛ ፋይል ይዞ መውጣትን እንደ መብት የሚያዩ ስላሉ ነው። የሙያችን ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ደንብ ካስቀመጣቸው 5 መሠረታዊ መርሆች አንዱ ምስጢር መጠበቅ ነው፤ ሥራ ከለቀቁ በኋላም ግዴታው አይቀርም።

"መዝገቤን ያዝልኝ፣ ሌላው ቀላል ነው" አለኝ። እሺ አልኩ። የወር ክፍያ ተነጋገርን፣ ተጨባበጥን፣ አለቀ።

በየወሩ ደረሰኞቹን ተቀብዬ እመዘግባለሁ፣ የባንክ ሒሳቡን ከመዝገቡ ጋር አስታርቃለሁ፣ ትራያል ባላንስ (የሁሉም ሒሳቦች ቀሪ ተዘርዝሮ ሁለቱ ወገን እኩል መሆኑ የሚታይበት ሠንጠረዥ) አወጣለሁ። ሁለተኛው ወር ላይ "እግረ መንገድህን የሠራተኞቹን ደመወዝም ሥራልኝ" አለ። ጨመርኩለት። ያለኝ ደንበኛ እሱ ብቻ ስለነበር እምቢ ብለው ይሄድብኛል ብዬ ፈራሁ።

የሒሳብ ዓመቱ ተዘጋ። ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ደወለ፤ ድምፁ ተቀይሯል። የዓመታዊ ግብር ማሳወቂያው ቀን አልፎ ቅጣትና ወለድ መጥቶበታል።

"አንተ አይደለህ እንዴ የያዝከው?" አለኝ።

እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ግብሩን የሚያሳውቅለት ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ይመስለኝ ነበር። መዝገቡን ዘግቼ ያስረከብኩትም ለዚያ ሰው ይሰጠዋል ብዬ ነው። ለካ እኔ በገባሁበት ወር አሰናብቶታል! ሥራውን ስረከብ ለዚያ ባለሙያ አንድ ጊዜ ብደውል ወይም ብጽፍለት ኖሮ ያኔውኑ አውቀው ነበር።

ማን ልክ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት ሁለታችንም ጋ የለም። በጣም የከነከነኝ ይሄ ነው። ተቀጥሬ ስሠራ በየፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሥራ ስምምነት ደብዳቤ ነበር። ፋይሉ እኔ ጋ የሚደርሰው ኃላፊዎቹና ደንበኛው ከፈረሙ በኋላ ስለሆነ፣ እኔ ያንን ገጽ ገልጬ በቀጥታ ወደ ቁጥሩ ነበር የምሄደው። ከሙያችን ዓለም አቀፍ ስታንዳርዶች (የአሠራር መመሪያዎች) ለኦዲት ቁጥር 210፣ የሒሳብ መግለጫ ለማዘጋጀት ደግሞ ቁጥር 4410 ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን እንደሚሉ ለፈተና አጥንቻለሁ። የራሴን ቢሮ ስከፍት ግን ያንን ደብዳቤ የሚያዘጋጀው ኃላፊ እኔው መሆኔ ትዝ አላለኝም።

ማሳወቂያውን በሁለት ቀን ሠርቼ አስገባሁ። ቅጣቱን እሱ ከፈለ፣ እኔ የሦስት ወር ክፍያዬን ተውኩለት። ለጀማሪ ቢሮ ከባድ ነበር፤ ግን ሳልጠይቀው በግምት መሄዴ የእኔ ጥፋት ነው።

በዚያው ሳምንት ደብዳቤውን ጻፍኩ። የምሠራው ምን ምን ነው፣ የማልሠራው የትኛው ነው፣ እሱ ሰነድ በስንት ቀን ያቀርባል፣ ግብር የሚያሳውቀው ማን ነው፣ ተጨማሪ ሥራ ሲመጣ ክፍያው እንዴት ይሆናል፣ ስንለያይ መዝገቡ እንዴት ይመለሳል። ሁለት ገጽ አልሞላም።

አጠገቤ ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር አነበበው። ደመወዝ የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና አለና "ለዚህ አልከፍልህም ነበር እንዴ?" አለኝ።

እንደማይከፍለኝ ነገርኩት። ክፍያውን በእጁ ጨምሮ ጻፈበትና ፈረመ።