ከዘጌ ጫፍ ማዶ የሚጠፋው ጥሪ፦ የሬዲዮ ኔትወርካችንን በሶፍትዌር እንዴት እንደተከታተልኩ

የትራንክድ ሬዲዮ፣ ማለትም ብዙ ሬዲዮዎች ጥቂት ቻናሎችን የሚጋሩበት ሲስተም፣ መከታተያ ሶፍትዌር ለመትከል የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ኮምፒውተሩ ጉልበት ነው። እኔ ግን ሬዲዮዎቹ የሚሠሩበትን ስታንዳርድ፣ የሪፒተሮቹን (የሬዲዮዎቹን ሞገድ ተቀብለው አጉልተው መልሰው የሚያስተላልፉትን መሣሪያዎች) ፍሪኩዌንሲና የቻናሎቹን ቁጥር በወረቀት ሳያሰፍር አንድም ፕሮግራም እንዳያወርድ እመክረዋለሁ። ባሕር ዳር ላይ የራሳችንን ኔትወርክ መከታተል የጀመርኩት በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ ከብዙ ድካም ያዳነኝም ይኸው ነው።

የምሠራው በጣና ላይ ጀልባዎች በሚያሰማራ ድርጅት ውስጥ ነው፤ የመነጋገሪያ ሬዲዮዎቹ ጥገና የእኔ ኃላፊነት ነው። ጀልባዎቻችን ወደ ዘጌ ልሳነ ምድርና ወደ ክብራን ገብርኤል ይመላለሳሉ፤ ረጅም ጉዞ ሲኖር እስከ ደቅና ዳጋ እስጢፋኖስ ይዘልቃሉ። የጀልባ ነጂዎቹ አቤቱታ አንድ ዓይነት ነበር። በዕድሜ የሚበልጡን አንድ ነጂ «ልጄ፣ የዘጌን ጫፍ ዞር እንዳልን ይህ ዕቃ ዝም ይላል፤ ብንጣራ የሚመልስልን የለም» አሉኝ። ዕቃውን ያቀረበልን ነጋዴ በበኩሉ «ቻናሎቹ ስለሚጨናነቁ ነው፤ አራተኛ ሪፒተር ጨምሩ» አለ። ሪፒተር በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ሲናወጥ ተሳፋሪ ይዞ መገናኛ ማጣት ደግሞ ከገንዘብም በላይ ነው፤ በግምት የምንወስነው ጉዳይ አልነበረም።

በትራንክድ ሲስተም ውስጥ ማንም ሬዲዮ የራሱ የሆነ ቻናል የለውም። አንድ መቆጣጠሪያ ቻናል ያለማቋረጥ ያስተላልፋል፤ የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ ለመጣው ተሳፋሪ ተራው የደረሰውን መኪና እንደሚያሳየው ሁሉ፣ መናገር ለሚፈልገው ቡድን በዚያች ቅጽበት ነጻ የሆነውን ቻናል ይመድብለታል። የእኛ ሲስተም ዲኤምአር የሚባለው የአውሮፓ ስታንዳርድ ሦስተኛ ደረጃ ነው። እያንዳንዱ ሪፒተር 12.5 ኪሎኸርዝ ስፋት ባለው ሞገድ ላይ ሁለት የጊዜ ክፍሎችን ያስተናግዳል። ሦስት ሪፒተሮች ስላሉን ስድስት መስመር አለን ማለት ነው፤ አንዱ ለመቆጣጠሪያ ሲውል አምስቱ ለንግግር ይቀራሉ። መከታተያ ሶፍትዌሩ መቆጣጠሪያ ቻናሉን እያነበበ የትኛው ሬዲዮ እንደተመዘገበ፣ የትኛው ቡድን እንደጠራ፣ የትኛው መስመር እንደተመደበለት፣ ማን ወረፋ እንዲጠብቅ እንደተደረገ ይመዘግባል። አምስቱ መስመሮች አንድ ላይ የሚያዙበት ጊዜ መኖር አለመኖሩን የሚነግረን ይህ መዝገብ ነው።

ወደ መሣሪያው ከመግባቴ በፊት ፈቃድ በጽሑፍ ጠየቅኩ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ሰዎች በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚያደርጉትን ግንኙነት ከመደፈር ይጠብቃል፤ ዘርፉን የሚቆጣጠረው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሌላ ድርጅትን ወይም የጸጥታ አካልን ሬዲዮ መከታተል ሊታሰብ የሚገባው ነገር አይደለም። በራሳችን ኔትወርክም ቢሆን ሥራ አስኪያጃችን ፈቃዱን ፈረሙ፤ ለሠራተኞቹም ጥሪዎች እንደሚመዘገቡ፣ ንግግር ግን እንደማይደመጥ አስቀድመን ነገርናቸው። ይህን የማነሣው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ነጂዎቹ ባያምኑኝ ኖሮ በኋላ የሰጡኝን መረጃ አላገኘውም ነበር።

የሶፍትዌር ምርጫው ስታንዳርዱ ከታወቀ በኋላ አጭር ሆነ። ዩኒትራንከር በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ነባር ፕሮግራም ሲሆን በዋናነት የሚታወቀው እንደ ሞቶሮላ፣ ኢዳክስ፣ ፒ25 እና ኤምፒቲ 1327 ላሉ ሌሎች የትራንክድ ሲስተም ዓይነቶች ነው። ኦፒ25 በሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ ስሙ እንደሚናገረው ትኩረቱ ፒ25 ነው። ኤስዲአር ትራንክ በጃቫ የተጻፈና በነጻ የሚገኝ ነው፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ይሠራል፣ ፒ25ንም ዲኤምአርንም ያነባል። ስለዚህ እርሱን ያዝኩ። ቴትራ የተባለውን የሬዲዮ ስታንዳርድ የሚጠቀም ሰው ግን እዚህ መፍትሔ አያገኝም፤ ቴትራ በ25 ኪሎኸርዝ ውስጥ አራት የጊዜ ክፍሎች የሚያስኬድ ሌላ አሠራር ነው፣ ኤስዲአር ትራንክም አያነበውም። ፕሮግራሙ ድምፅ የሚፈታውን ላይብረሪ በፓተንት ምክንያት አብሮ አያቀርብም፤ ተጠቃሚው ለብቻው ማዘጋጀት አለበት። እኔ ሆን ብዬ ሳላዘጋጀው ቀረሁ። የጥሪዎቹ መዝገብ ያለ ድምፅም የተሟላ ነው፤ ለሠራተኞቹ የገባነው ቃልም በዚሁ ይጠበቃል።

መቀበያው አርቲኤል 2832ዩ የተባለ ቺፕ ያለበት ትንሽ የዩኤስቢ ዶንግል ነው። ለቴሌቪዥን መመልከቻ የተሠራው ይህ ዕቃ እንደ ሰፊ የሬዲዮ መቀበያ ሊያገለግል መቻሉ በሰፊው የታወቀው በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በአንድ ጊዜ 2.4 ሜጋኸርዝ ያህል ስፋት ያያል። የሦስቱ ሪፒተሮቻችን ፍሪኩዌንሲዎች በዚህ ስፋት ውስጥ ስለሚገቡ አንድ ዶንግል በቃን፤ ተራርቀው ቢሆን ሁለተኛ ያስፈልግ ነበር። ሲገዛ አንድ ነገር በጥንቃቄ መታየት አለበት፦ ዶንግሉ ፍሪኩዌንሲውን የሚለካበት ክሪስታል ትክክለኛነት። በ450 ሜጋኸርዝ አካባቢ ከሚሊዮን 50 የሚስት ክሪስታል 22.5 ኪሎኸርዝ ይሸሻል፤ ይህ ከአንድ ሙሉ ቻናል ይበልጣል። የሙቀት ለውጥን የሚያርም ክሪስታል ያለው፣ ከሚሊዮን 1 ብቻ የሚስት ዶንግል ግን ስሕተቱ 450 ኸርዝ ነው። በባሕር ዳር የቀትር ሙቀት ርካሹ ዶንግል ጠዋት የተስተካከለለትን ፍሪኩዌንሲ እስከ ከሰዓት ይዞ አይቆይም።

ዶንግሉን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ድራይቨር ላይ ብዙ አልቆይም። ዊንዶውስ ላይ ዛዲግ በተባለችው ትንሽ ፕሮግራም የቴሌቪዥኑን ድራይቨር በዊንዩኤስቢ መተካት ያስፈልጋል። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ሲስተሙ ዶንግሉን እንደ ቴሌቪዥን መቀበያ ቀድሞ እንዳይዘው የዚያን ሞጁል መጫን መከልከል ነው።

ትዕግሥት የሚጠይቀው የቻናል ሠንጠረዡ ነው። በፒ25 ሲስተም መቆጣጠሪያ ቻናሉ የፍሪኩዌንሲ አሰላሉን ራሱ ስለሚያስተላልፍ ሶፍትዌሩ እየሰማ ይማራል። በእኛ ሲስተም ግን መቆጣጠሪያ ቻናሉ «ወደ ቻናል ቁጥር ይህን ያህል ሂዱ» ይላል እንጂ ፍሪኩዌንሲውን አይናገርም፤ ሬዲዮዎቹ ቁጥሩ የትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደሆነ የሚያውቁት ሲስተሙ ሲዘረጋ ውስጣቸው ስለተጻፈ ነው። ሶፍትዌሩም ይህንኑ ሠንጠረዥ ይፈልጋል። ሠንጠረዡ ባዶ ከሆነ መቆጣጠሪያ ቻናሉ በሚገባ እየተነበበ ጥሪዎቹን መከተል ያቅተዋል፤ ብዙ ሰው «ሶፍትዌሩ ከሲስተማችን ጋር አይስማማም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ዕቃ ሲገዛ የቻናል ዕቅዱ በሰነድ አብሮ እንዲሰጥ ውል ውስጥ ማስገባት ይገባል። እኛ ጋ ሰነዱ ስላልነበረ ከሪፒተሮቹ ላይ አንድ በአንድ ገልብጬዋለሁ።

የጥገና ክፍላችን ሐይቁ ዳር፣ ከሪፒተሮቹ ራቅ ብሎ ስለሚገኝ የሚደርሰን ሞገድ መካከለኛ ነው። አንድ ምሽት መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው የሞገድ ሥዕል ወዲያው ጠራ፣ የንባብ ስሕተቱም ቀነሰ። መብራት ሲመለስ አምፖሎቹን በየተራ እያጠፋሁ ስፈትሽ የረብሻው ምንጭ የኮሪደሩ ኤልኢዲ አምፖሎች ሆነው ተገኙ። አንቴናውን ከእነርሱ አርቄ ከውጭ ሰቀልኩት። ረብሻ ለመፈለግ መብራት የጠፋበትን ሰዓት የመሰለ ጊዜ የለም።

ከዚያ መዝገቡ ተጠራቀመ። አምስቱ መስመሮች አንድ ላይ የተያዙበት ጊዜ አልነበረም፤ በወረፋ እንዲጠብቅ የተደረገ ጥሪም አላየሁም። ይህ ብቻውን ግን በቂ ማስረጃ አይደለም። የእኔ መቀበያ የሚሰማው ሪፒተሩ የሚያስተላልፈውን ነው፤ ከጀልባ ተነሥቶ ሪፒተሩ ጋ ያልደረሰ ጥሪ መዝገቡ ላይ ምንም ምልክት አይተውም። ስለዚህ ነጂዎቹን ጥሪ ባልተሳካ ቁጥር ሰዓቱንና ቦታውን በደብተር እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው፤ በትጋት ጻፉልኝ። የእነርሱ ደብተር በእኛ አቆጣጠር «ጠዋት 3:40» ሲል የኮምፒውተሩ መዝገብ 9:40 ይላል፤ ሁለቱን ለማስተያየት ስድስት ሰዓት መጨመር፣ የኮምፒውተሩን ሰዓትም ከነጂዎቹ ሰዓት ጋር አስቀድሞ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ነጂዎቹ ጠርተው ባጡበት ሰዓት መስመሮቹ ክፍት ነበሩ፣ መዝገቡ ላይም የጥሪ ጥያቄ አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ፣ ጀልባው ከዘጌ ጥላ ሲወጣ፣ ያው ሬዲዮ እንደ አዲስ ሲመዘገብ ይታያል። ላፕቶፑን ይዤ በጀልባ ስሄድም መቆጣጠሪያ ቻናሉ ጫፉን እንደዞርን መነበቡን አቆመ። ርቀት አይደለም ምክንያቱ። የሬዲዮ አድማስ በኪሎ ሜትር በግምት የሚገኘው የሁለቱን አንቴናዎች ከፍታ በሜትር ወስዶ የየራሳቸውን ካሬ ሥር በመደመርና በ4.12 በማባዛት ነው፤ ከውሃው 12 ሜትር ከፍ ያለ አንቴናና 2 ሜትር ላይ የተያዘ የእጅ ሬዲዮ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይተያያሉ። ዘጌ ከዚያ ውስጥ ነው። የሚጋርደን ደን የለበሰው መሬት ራሱ ነው፤ የእጅ ሬዲዮዎቹም አቅማቸው ከ4 እስከ 5 ዋት ሆኖ በጀልባው የብረት ጣራ ሥር ይያዙ ነበር።

አራተኛው ሪፒተር አልተገዛም። በምትኩ በጀልባዎቹ ላይ 25 ዋት የሚሰጥ ቋሚ ሬዲዮ ተተክሎ አንቴናው ከጣራው በላይ ወጣ፤ የሪፒተሮቹም አንቴና ወደ 30 ሜትር ከፍ አለ። ከዘጌ ጀርባ የሚጠፉት ጥሪዎች በጣም ቀንሰዋል፤ ወደ ደቅ በሚወስደው ክፍት ውሃ ላይም ግንኙነቱ ከበፊቱ ርቆ ይሄዳል። ልሳነ ምድሩን ተጠግቶ የሚያልፍ ጀልባ አሁንም ለጥቂት ጊዜ ይሰወራል፤ ስለዚህ ነጂዎቹ ጫፉን ከመዞራቸው በፊት ቦታቸውንና የተሳፋሪ ቁጥራቸውን ያሳውቃሉ፣ ሲወጡም እንዲሁ። ደብተሩ አልቆመም፤ በየሳምንቱ ከመዝገቡ ጋር አስተያየዋለሁ።