«ነው» እና «ነበር»

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ይህን ምስክርነት ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት እሱ ያውቃል። መድረክ ላይ ወጥቼ እንድናገር ተጠይቄ ነበር፤ ማይክ ስይዝ ድምፄ ስለሚጠፋ እምቢ አልኩ። መጻፍ ይሻለኛል። ከተዘበራረቀብኝ ታገሡኝ፤ ነገሩ ራሱ ወደ እኔ የመጣው ተዘበራርቆ ነው።

ከ9 ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሜን በመኪና አደጋ አጣሁ። መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጨለማ፣ ዝናብ፣ መብራቱን አጥፍቶ መንገድ ላይ የቆመ የጭነት መኪና። ወንድሜ ጋቢና ነበር። እኔ ክንዴ ተሰብሮ ወጣሁ፣ እሱ እዚያው አረፈ። ከቤት ስንነሳ እጅ ለእጅ ተያይዘን መዝሙር 91ን ጸልየን ነበር፤ «በመንገድህ ሁሉ ይጠብቁህ ዘንድ መላእክቱን ስለ አንተ ያዝዛቸዋልና»። ይቺን ጥቅስ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ቴፑ አልተሰበረም። ይሄንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። መኪናው ተጨማዷል፣ መስታወቱ ረግፏል፣ ቴፑ ግን መዝሙሩን ቀጥሏል። ወንድሜ አብሮ ሲዘምረው የነበረውን መዝሙር። እሱ ዝም አለ፣ ዘማሪው እስከ መጨረሻው ዘመረ። ከዚያ ወዲህ ያ መዝሙር ጉባኤ ላይ ሲነሳ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ተነስቼ እወጣለሁ። ሰዉ በጣም ሥራ የበዛብኝ ይመስለው ነበር።

አሁን ስለዚያች ሌሊት ልንገራችሁ። የአደጋውን ሌሊት ማለቴ አይደለም፣ ሌላዋን።

ዝናብ ነበር። ዝናብ ሲሆን አልተኛም፤ ያን ቀን ግን ደክሞኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ እንደ ሁልጊዜው መኪናው ውስጥ ነኝ። የዝናብ መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ይላል። የቤንዚን ሽታ አለ። የወንድሜን እጅ ይዣለሁ፣ ወደ እኔ እስባለሁ፣ አይመጣም። ባለ በሌለ ኃይሌ እስባለሁ። በቃ፣ አሁን ሊወጣ ነው ስል ከሩቅ ቀጭን ድምፅ ይሰማኛል። «አባዬ እኔ ነኝ። አባዬ እኔ ነኝ። አባዬ።» ድምፁ የማን እንደሆነ አላወቅሁም፣ መሳቤን አላቆምኩም። ከዚያ መብራት በራ።

የያዝኩት የልጄን እጅ ነው። 5 ዓመቷ ነው። ነጎድጓድ ፈርታ ልትተኛ ወደ እኛ መጥታ ትከሻዬን ነክታኛለች። ለቀቅኳት። አንጓዋ ላይ አራት ጣቶቼ ተሰምረዋል፣ አውራ ጣቴ በሌላው በኩል። አላለቀሰችም፤ እሱ ነው የገደለኝ። ቢያንስ ብታለቅስ። ዝም ብላ አየችኝና ቀስ ብላ ከእናቷ ጀርባ ሄደች።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ካልሲ እንኳ አላደረግሁም። ልቤ ሲመታ ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል። መጸለይ ፈለግሁ፣ የወጣኝ ግን ጸሎት አይደለም። ይቅር ይበለኝ፣ ውሸታም አልኩት። እግዚአብሔርን። «መላእክቱን ያዝዛቸዋል ብለህ አልነበር? የት ነበሩ? ለእኔ ከላክህ ለእሱ ምን ነካቸው?» 9 ዓመት በልቤ ይዤው የኖርኩት ነገር ነው፤ በአፌ ወጥቶ ግን አያውቅም። ሰው ፊት «ጌታ መልካም ነው» እላለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ከእሱ ጋር አልነጋገርም፣ እንደተኳረፈ ባልና ሚስት። ያን ሌሊት ሰደብኩት። ሰድቤ ሰድቤ ሲደክመኝ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለው መጣልኝ፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው መዝሙር 13። የገረመኝ ምን መሰላችሁ? ይሄም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። የተቆጣ ሰው ጸሎት ተጽፎ ተቀምጧል።

ቀጥዬ አንድ ነገር ለመንኩ። «አስረሳኝ» አልኩት። ያን ሌሊት ከጭንቅላቴ አውጣው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ባለቤቴ በሩን አላንኳኳችም። በወዲያኛው በኩል ቁጭ ስትል ሰማሁ። ስትተነፍስ ይሰማኛል። ጎህ እስኪቀድ አንድ ቃል አልተናገረችም። (እዚህ ላይ አንዴ ላቋርጥና፣ የኔ እህት፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ላንቺ የሚበቃ ምስጋና የለኝም።) ሲነጋ እንዲህ አለች፦ «ይሄን ነገር ሁለታችን ብቻችንን አንችለውም። ሰው እንፈልግ።»

ሰው ስትል የጸሎት ሰው መስሎኝ ነበር። የጸሎት ሰው አጥቼ አላውቅም። አንዱ መንፈስ ነው አለኝ፣ አንዱ እምነትህ ጎድሎ ነው አለኝ፣ አንዱ ይቅር ያላልከው ሰው አለ አለኝ። ጸሎቱን አልነቅፍም፤ እስከዚያች ቀን በሕይወት ያቆየኝ እሱ ነው። ምክሩን ግን እነቅፋለሁ። ፊት ለፊት ያናገሩኝ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እናት ናቸው። የልጄን እጅ ነገር ስነግራቸው አቀርቅረው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ክንድህ የተሰበረ ጊዜ ጄሶ አላስገባህም?» አሉኝ። አስገብቻለሁ አልኳቸው። «ያን ጊዜ እምነት ጎደለህ ያለህ ሰው ነበር?» እግዚአብሔር ይስጣቸው። ካውንስለሯን ያገናኙኝም እሳቸው ናቸው።

ወረፋ ጠብቄ 4 ወር አለፈ።

ባለሙያዋ በዕድሜ ታናሼ ናት። መጀመሪያ «እርስዎ» ትለኝ ነበር፤ «አንተ በይኝ፣ ካልሆነ እውነቱን አልነግርሽም» አልኳት። የያዘኝ ነገር ስም እንዳለው የነገረችኝ እሷ ናት። ፒቲኤስዲ ይሉታል፣ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ነው። በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መጽሐፍ ውስጥ በዚህ ስሙ የገባው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ነው አለችኝ። እኔ ኢዮብ ትዝ አለኝ። አልጋዬ ያጽናናኛል ስል በሕልም ታስፈራራኛለህ ብሎ አምላኩን የከሰሰው ምዕራፍ 7 ላይ ነው። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ሕመሙ የኖረ ነው።

የነገረችኝን በራሴ አባባል ልበለው። ሌላ ትዝታ ሲያድር ያረጃል፤ ያለፈ መሆኑን አእምሮ ያውቀዋል። እንዲህ ያለው ግን ሳያረጅ ይቀራል። ሽታው፣ ድምፁ፣ ፍርሃቱ እንዳለ ተቀምጦ አንድ ነገር በነካው ቁጥር አሁን እየሆነ ይመስላል። አካልም ያምነዋል። እኔ ደግሞ እየሸሸሁ አቆየሁት። ማታ አልነዳም፣ ጋቢና አልቀመጥም፣ ያን መዝሙር አልሰማም፣ የወንድሜን ፎቶ አላይም። በሸሸሁ ቁጥር ለጊዜው ይቀለኛል፤ አእምሮዬ ግን «አየህ፣ የዳንከው ስለሸሸህ ነው» ብሎ ይመዘግባል። እንዲህ ስትለኝ የሳቅኩ ይመስለኛል። ስልክ እንደተደወለለት ሰው የምወጣው ሰውዬ ታየኝ።

መንገዱ ብዙ ዓይነት ነው። ኢኤምዲአር የሚባል አለ፣ ትዝታውን እያሰቡ ዓይንን ወዲያ ወዲህ የሚያንቀሳቅሱበት፤ አንድ ወዳጄን ረድቶታል። የዓለም ጤና ድርጅትም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ለዚህ ሕመም ከመከራቸው አንዱ ነው። እኔ የሄድኩበት ግን ኤድና ፎዋ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያበጁት ነው። የሸሹትን ነገር ቀስ በቀስ፣ ሰው አጠገብ ሆኖ፣ ደጋግሞ መጋፈጥ። አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ ይወስዳል፣ አንዱ ቀጠሮ 90 ደቂቃ ያህል ነው። የምሸሻቸውን ነገሮች ጻፍኩ፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 100 የፍርሃት ነጥብ ሰጠሁ። ማታ መንዳት 80። መዝሙሩ 95።

ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ «ዓይንህን ጨፍንና ያን ሌሊት ንገረኝ» አለችኝ። «ግን ‘ነበር’ አትበል። ‘ነው’ በል። እየነዳህ ነው፣ እየዘነበ ነው።»

እኔኮ «ነበር» ብዬው አላውቅም! ያ ሌሊት ለ9 ዓመት «ነው» ብቻ ነው። ይሄን ሳስብ ገና ሳልጀምር እንባዬ መጣ።

ነገርኳት። ጨረስኩ ስል «እንደገና ከመጀመሪያው» አለችኝ። በአንድ ቀጠሮ ሦስት ጊዜ። ይቀረጻል፣ ቤት ወስጄ በየቀኑ እሰማዋለሁ። (ይሄን ባለሙያ ሳይኖር ብቻችሁን እንዳትሞክሩት፣ አደራ።) የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከበፊቱ ባሰብኝ። ሕልሙ ጨመረ። ልተወው ነበር። ባለቤቴ የጆሮ ማዳመጫዬን አምጥታ እጄ ላይ ታስቀምጥና ትሄዳለች።

አንድ የዘለልኩት ቦታ አለ። ባለሙያዋ አውቃዋለች፤ እዚያ ስደርስ ፍጥነቴ ይጨምራል አለችኝ። በስድስተኛው ቀጠሮ «እዚህ ጋ ቁም፣ ቀስ በል» አለችኝ። ቆምኩ። ከአደጋው ግማሽ ሰዓት በፊት ወንድሜ እንዲህ ብሎኛል፦ «ደክሞሃል፣ እኔ ልንዳ።» እኔ «ተወኝ ባክህ» አልኩት። እናቴ አታውቅም፣ ባለቤቴ አታውቅም። እምቢ ባልለው ጋቢና የምቀመጠው እኔ ነበርኩ።

«ስለዚህ የገደልኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

አላጽናናችኝም። «አይደለህም» እንኳ አላለችኝም። «ተወኝ ባልክበት ሰዓት ምን ምን ታውቅ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ዝናብ እንዳለ፣ ትንሽ እንደደከመኝ፣ ብዙ እንዳልቀረን። «መኪና ቆሞ እንደነበርስ?» አላውቅም። «እሱ ቢነዳ ያየው ነበር?» አላውቅም። ረጅም ዝምታ ሆነ። ያን ሌሊት የማውቀውን ትቼ ዛሬ በማውቀው ራሴን ስፈርድበት ኖሬያለሁ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለወንድሜ አለቀስኩ። እስከዚያ ድረስ ያለቀስኩት ለራሴ ጥፋት ነበር፣ ለእሱ አልቅሼለት አላውቅም።

ማርቆስ 8 ላይ ያለውን የቤተ ሳይዳውን ዕውር ታውቁታላችሁ። ጌታ እጁን ጭኖበት መጀመሪያ ያየው ሰውን እንደ ዛፍ ሆኖ ሲመላለስ ነው። ሁለተኛ ጫነበትና አጥርቶ አየ። ጌታ ራሱ ሁለት ጊዜ ከጫነ እኔ 13 ቀጠሮ ቢፈጅብኝ ምን ይደንቃል?

አሥረኛው ላይ ይመስለኛል፣ ዓይኔን ጨፍኜ ስናገር «ቴፑ አልተሰበረም ነበር» አልኩ። ባለሙያዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ምን አልክ?» ደገምኩት። ነበር። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «ነው በል» ብላ አላረመችኝም።

አስረሳኝ ብዬ ነበር የለመንኩት። አልረሳሁም። እንዲያውም የማላስታውሰው ሁሉ መጣ፤ ሲያፏጭ ዜማ የማይጠብቀው፣ ጫማውን ሳይፈታ የሚያወልቀው፣ የሰው ቀልድ ሰርቆ የራሱ አድርጎ የሚያወራው ወንድሜ። 9 ዓመት ሙሉ የነበረኝ የሞተው ብቻ ነበር። የመዝሙር 91 ጥያቄዬ ግን አልተመለሰልኝም፤ እውነቱን ልንገራችሁ። አሁን ግን ጥያቄዬን ይዤ አናግረዋለሁ፣ አላኮርፍም። ዝናብ ሲዘንብም አንዳንድ ቀን አልተኛም። ልጄ ግን ነጎድጓድ ሲመጣ እንደገና ወደ እኔ በኩል መጥታ ትተኛለች። መጀመሪያ ከበሩ ሆና «አባዬ፣ እኔ ነኝ» ትላለች። ባለቤቴ ናት ያስተማረቻት። «በሰላም እተኛለሁ አንቀላፋለሁም» የሚለውን መዝሙር 4ን አብረን እንላለን፣ እሷ ግማሹን ትውጠዋለች።

ባለፈው እሑድ ያ መዝሙር ተነሣ። 95 ነጥቡ። እጄ ላበው። ባለቤቴ አየችኝ። ተቀመጥኩ። ወንድሜ የሁለተኛውን ስንኝ ሁልጊዜ አሳስቶ ነበር የሚዘምረው፤ የሦስተኛውን ቀድሞ ያመጣውና ሳያፍር ይቀጥላል፣ ስናርመውም አይሰማም። ሁለተኛው ስንኝ ሲደርስ አፌን ከፈትኩና በእሱ ስሕተት ዘመርኩት፣ ጮክ ብዬ። ከፊቴ የተቀመጡት እናት ዞረው አዩኝ።