ስምንት ቀን ጎደለብኝ

ዛሬ ሐዋሳን በባጃጅ ስዞራት ዋልኩ። ምክንያቱ? ስምንት ቀን።

እናቴ የወለደችኝ በጥምቀት ማግስት፣ ታቦተ ሚካኤል ሲገባ ነው። ጥር 12 ቀን 1990። በፈረንጅ ጃንዋሪ 20 ቀን 1998 መሆኑ ነው። ፓስፖርት ሳወጣ ፎርሙን የሞላልኝ ልጅ ግን «ጥር ጃንዋሪ አይደል?» ብሎ 12ን እንዳለች ገለበጣት። እኔም ፎቶዬ አምሮ ወጣ ወይ ብዬ አየሁ እንጂ ቀኑን ማን ልብ አለው!

አሁን ለጋብቻ ቪዛ የልደት ሰርተፍኬት ተጠየቅኩ። እሱ በትክክል ተሰልቶ 20 ይላል፤ ፓስፖርቱ 12። ለኤምባሲ ሁለት ሴቶች ነን። ባሌ ደውሎ «ታዲያ የቷን ነው ያገባሁት?» አለኝ። ሳቅኩለት፣ ከአንጀቴ ግን አልነበረም።

የቤተሰብ ስም የሚሉት ጣጣም አለ። የኔ ቦታ ላይ አያቴ፣ የባሌ ቦታ ላይ የሱ አያት ቁጭ ብለዋል። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ቀን ቪዛ እንጠየቃለን ብለው የሚያስቡ ሰዎች አልነበሩም።

ቢሮ ስደርስ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቶቼን ጎን ለጎን ዘርግታ፣ በእስክሪብቶዋ ጫፍ 12ን ነካች፣ 20ን ነካች። «የኔ እህት፣ የቱ ነው የሚስተካከለው?» እሱን ልጠይቃት ነበር እኮ የመጣሁት! ከዚያ ሲስተም ጠፋ። ከሰዓትም አልመጣ።

አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር ሄጄ የዓሣ ሾርባዬን ጠጣሁ። እናቴ የክርስትና ካርዴን ፍለጋ ሳጥኗን ገልብጣለች አሉ። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ።