ትከሻ ላይ የበቀለው አጥንት ሦስት ጊዜ ኮድ ያስቀየረኝ

የታካሚው ካርድ ሲደርሰኝ ቀላል መስሎኝ ነበር። የቀኝ ትከሻ ሕመም፣ ሲዳሰስ የሚገኝ ጠንካራ እብጠት፣ ክንድን ወደ ላይ ለማንሣት መቸገር። ከታች የሐኪሙ መደምደሚያ በአንድ መስመር ሰፍሯል፦ «የትከሻ ካልሲፊኬሽን»። ኮዲንግ፣ ማለትም ሐኪሞች የጻፉትን በሽታ ወደ ኮድ የመቀየር ሥራ፣ ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ የምሠራውም አይሲዲ-10-ሲኤም በሚባለው የአሜሪካ የበሽታዎች ኮድ ዝርዝር ነበር። «ትከሻ» እና «ካልሲፊኬሽን» ጎን ለጎን ሳይ እጄ በልማድ ኤም75.31 ብሎ ጻፈ፤ በቀኝ ትከሻ ጅማት ላይ ካልሲየም ተጠራቅሞ የሚያመጣው ሕመም መሆኑ ነው። ደጋግሜ የማየው ኮድ ስለሆነ ቆም ብዬ አላሰብኩም።

በማግስቱ ሥራዬን የምትመረምረው ባልደረባዬ ካርዱን መለሰችልኝ። የጻፈችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «የራጁን ውጤት እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል?»

አላነበብኩትም። መጨረሻው አካባቢ የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ትከሻን በሚሸፍነው ዴልቶይድ ጡንቻ ውስጥ ዙሪያው የጠነከረ፣ መሐሉ የሳሳ አጥንት እንዳለ ጽፈዋል። ጡንቻ እንጂ ጅማት አይደለም። አጥንት እንጂ ካልሲየም ብቻ አይደለም። በአንድ ኮድ ሁለት ስሕተት።

ሁለተኛው ልዩነት ብዙ ሰው ያምታታል። ካልሲፊኬሽን የካልሲየም ጨው ሥጋ ውስጥ ሲዘቅጥ ነው፤ እንደ ኖራ ይከማቻል እንጂ የአጥንት አሠራር የለውም። ኦሲፊኬሽን ግን እውነተኛ አጥንት ነው፤ የራሱ ሴሎችና የራሱ ቅርፊት ያለው፣ አንዳንዴም መቅኔ የያዘ፣ ያለ ቦታው የበቀለ አጥንት። ሐኪሞች ሲያወሩም ሲጽፉም ሁለቱን ቃላት ያለዋውጧቸዋል። ኮዱ ግን ይለያቸዋል፤ ኤም61.4 ለመጀመሪያው፣ ኤም61.5 ለሁለተኛው ነው።

የጡንቻ ካልሲፊኬሽንና ኦሲፊኬሽን ወደሚመዘገብበት ወደ ኤም61 ዞርኩ። ይህ ምድብ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ከምን መጣ?» ብሎ ነው። ከነጥቡ ቀጥሎ 0 ከሆነ ከጉዳት የመጣ ነው፤ 1 ከሆነ እየባሰ የሚሄደው ዓይነት፣ 2 ከሽባነት ጋር፣ 3 ከቃጠሎ ጋር የተያያዘው ነው። ከእነዚህ ውጭ ያለው 4 እና 5 ላይ ያርፋል። ተከታዩ ቁጥር ቦታውን ይናገራል፤ 1 ትከሻ፣ 2 የላይኛው ክንድ። የመጨረሻው ጎኑን ነው፤ 1 ቀኝ፣ 2 ግራ፣ 9 ያልተገለጸ።

የቆዩ ገጾችን ሳገላብጥ ታካሚው ከአራት ወር በፊት በቀኝ ትከሻው ወድቆ እንደመጣ አገኘሁ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ጡንቻ ሲመታ ደም ይቋጥራል፣ ከሳምንታት በኋላ ራጅ ላይ አጥንት መታየት ይጀምራል፤ ማዮሳይቲስ ኦሲፊካንስ ትራውማቲካ፣ ከጉዳት የሚመጣው የጡንቻ አጥንት፣ ልክ በመጽሐፍ እንደተማርኩት። ኤም61.011 አልኩ። እርግጠኛ ከመሆኔ የተነሣ በጉዳት ኮዶች ላይ ሰባተኛ ሆኖ እንደሚጻፈው ፊደል መጨረሻው ላይ «ኤ» ጨመርኩበት። ሲስተሙ መለሰው፤ ኤም61 በስድስት ፊደልና ቁጥር ያበቃል፣ ሰባተኛ የለውም። ይህን ኮምፒውተሩ ያዘልኝ። ዋናውን ስሕተት ግን የትኛውም ኮምፒውተር አይይዘውም። ባልደረባዬ ናት የያዘችው፦ «ከመውደቁ ጋር ያያያዙት ሐኪሙ ናቸው ወይስ አንተ?»

እኔ ነበርኩ።

ሐኪሙን መጠየቅ ነበረብኝ። የመጀመሪያው ረቂቄ «ይህ በመውደቅ የመጣ ማዮሳይቲስ ኦሲፊካንስ ነው፣ አይደል?» ይላል። መልሱን አፋቸው ላይ እያስቀመጥኩ ጠየቅኩ ማለት ይቀላል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ በሙያው አይፈቀድም። እንደገና ጻፍኩት። ካርዱ ላይ ያለውን ከነቀኑ አሰፈርኩ፤ የመውደቁን ቀን፣ የራጁን ውጤት፣ የእሳቸውን መደምደሚያ። ከዚያ የተገኘው ነገር ካልሲየም ነው ወይስ አጥንት፣ መንስኤውስ ጉዳት ነው፣ ሌላ ነው ወይስ ሊታወቅ አይችልም ብዬ ምርጫዎቹን ደረደርኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ የመጣው መልስ አስደነገጠኝ። ሐኪሙ የቆየ የደረት ራጅ አውጥተው አስተያይተው ነበር። ከመውደቁ ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የተነሣ ነው፤ ጠርዙ ላይ ያው አጥንት በትከሻው በኩል ይታያል። መውደቁ ሕመሙን ቢቀሰቅሰውም አጥንቱን አላበቀለውም። መደምደሚያቸውን አስተካክለው «በቀኝ ትከሻ ዴልቶይድ ጡንቻ ውስጥ ኦሲፊኬሽን፣ ከጉዳት፣ ከሽባነትም ሆነ ከቃጠሎ ጋር ያልተያያዘ» ብለው ጻፉ። ኤም61.511።

የዚህ ኮድ መጠሪያ «ሌላ የጡንቻ ኦሲፊኬሽን» ነው። ጀማሪ ሳለሁ «ሌላ» የሚለውን ቃል እንደ መጣያ ቅርጫት አየው ነበር። አይደለም። «ሌላ» ማለት ሐኪሙ በሚገባ ጽፈዋል፣ መጽሐፉ ግን ለዚያ ለብቻው ኮድ አላወጣም ማለት ነው። ሐኪሙ ሳይገልጹት የቀረው ነገር ነው ኤም61.9 ውስጥ የሚገባው።

ከዚያ ወዲህ ከሁሉ በላይ የምፈራው ኤም61.011 እና ኤም61.111ን ማምታታት ነው። በአንዲት ቁጥር ነው የሚለያዩት። ሁለተኛው፣ እየባሰ የሚሄደው ዓይነት፣ እጅግ ብርቅ የሆነ የዘር በሽታ ነው፤ ኤሲቪአር1 በተባለው ጂን ላይ በሚፈጠር ለውጥ እንደሚመጣ የታወቀው በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሕፃናቱ ብዙውን ጊዜ የእግራቸው አውራ ጣት ተጣሞ ይወለዳሉ። ጡንቻ ላይ የሚሰጥ መርፌ ወይም ለምርመራ የሚቆረጥ ናሙና ራሱ አዲስ አጥንት ሊያስበቅልባቸው ይችላል። እንግዲህ ጣቴ ተሳስቶ አንዱን ሰው በዚህ ሕመም ብመዘግበው፣ ወይም የእውነት ሕመምተኛውን ከዚህ ባወጣው፣ ካርዱን ቀጥሎ የሚከፍተው ባለሙያ የሚያምነው ያንን ነው።

ሌላው የተማርኩት ስለ ጥርጣሬ ነው። ገና ያልበሰለው የማዮሳይቲስ አጥንት የአጥንት ካንሰር ሊመስል ስለሚችል ሐኪሞች «ኦስቲዮሳርኮማ አለመሆኑ ይጣራ» ብለው ይጽፋሉ። በተመላላሽ ሕክምና «ይጣራ» ወይም «ሳይሆን አይቀርም» የተባለ ነገር እንደ ተረጋገጠ በሽታ አይመዘገብም፤ የተረጋገጠው ሕመሙ ብቻ ከሆነ ኤም25.511፣ የቀኝ ትከሻ ሕመም፣ ይበቃል።

እኚያ ሐኪም አሁን «ጡንቻ» እና «አጥንት» ብለው ለይተው ይጽፋሉ። ቀኝ ነው ግራ የሚለውን ግን አልፎ አልፎ ይረሱታል፤ እኔም በ9 ከመዝጋቴ በፊት እጠይቃቸዋለሁ።