የማልሄደው ጉዞ በጀት

እሁድ ከሰዓት ሁሌም ይጫነኛል። የዛሬው ባሰ። ጣና ዳር ወጥቼ ቡና አዘዝኩ። ሐይቁም እንደኔ ደብሮት ነበር መሰለኝ፣ ከዘጌ ወዲህ ያለው ሁሉ ግራጫ ሆኗል። እንዲህ ሲያደርገኝ መድኃኒቴን ታውቁታላችሁ። ደብተሬን አውጥቼ የማልሄደውን ጉዞ በጀት እሠራለሁ።

ያው የጅቡቲው ነው። በመኪና ሄዶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ጨዋማው አሳል ሐይቅ ዳር ማደር። ሐሳቡ የአንድ ጓደኛዬ ነበር። እሱ አግብቶ ረሳው፣ ደብተሩ እኔ ጋ ቀረ። (ሚስቱ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ አራት ሆነን ነበር የምንሄደው።)

መንገዱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ደብረ ታቦር፣ ወልዲያ፣ ሚሌ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ። ከድንበሩ ከጋላፊ ወዲያ የጅቡቲዋ ዲክሂል። ሰላም ሲሆን ማለቴ ነው። «መንገዱ እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ በብር ስለማይተመን ደብተሩ ላይ ቦታ አልሰጠሁትም። አሳል ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ይላል፣ አፍሪካ ውስጥ ከሱ የባሰ ዝቅታ የለም። እኛ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ የኮሮላዋ የፍሬን ሸራ ነው።

ችግሩ የሰዎቹ ገንዘብ ነው። ፍራንካቸው ከዶላር ጋር ተጣብቋል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለችው ቁጥር እንኳ ንቅንቅ አላለችም። የኛን ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ሳምንታት ሳይቆይ መቶን ዘለለ። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ የተሠራው ከዚያ በፊት ስለሆነ አሁን ሲነበብ ቀልድ ነው። ያኔ ለጉዞው በሙሉ የያዝኩት ብር ዛሬ ላንድክሩዘር መከራየቱን እንኳ አይችልም።

ላንድክሩዘሩ የግድ ነው። አሳል ድረስ አስፋልት አለ፣ ኮሮላዋ እያለከለከችም ቢሆን ትደርሳለች። የኛና የጅቡቲ ድንበር ላይ ያለውን አቤ ሐይቅን ግን ያለ ጠንካራ መኪናና ያለ መንገድ መሪ መሞከር ዕብደት ነው። እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ሁሌም እስክሪብቶውን አስቀምጣለሁ። አቤን ልተወው? አዋሽ እኮ የሚያልቀው እዚያ ነው። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ፣ ባሕሩ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ ጨው ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። አባይን ከደጃችን የምንሸኝ ሰዎች የአዋሽን መቀበሪያ ብናይ ምን አለበት?

ምግብ ላይ ግን አልበገርም። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ሽሮ። ስንቄን ቋጥሬ እገባለሁ። ጅቡቲ ሄጄ ቲማቲም አልገዛም። እሱም ቢሆን ከኛው አገር የሄደ ሊሆን ይችላል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መብራት ከኛ ይገዛሉ። ከሶማሌ ክልል ከመሬት ሥር የወጣ ውኃ በቧንቧ ይሄድላቸዋል። ጫቱማ አይነገርም። ሁሉም ነገር ቀድሞኝ ሄዷል።

ባለፈው ይህን የስንቅ ዝርዝር ለእማዬ አነበብኩላት።

«ሜዳ ላይ ልታድሪ ነው?»

«አዎ። በድንኳን።»

«ከፍለሽ?»

«አዎ እማዬ።»

«እንዴው አንቺ ልጅ! አያቴ ዕድሜውን ሙሉ ሜዳ ላይ ሲያድር የኖረ ሰው ነው። እሱ ግን አትርፎ ይመለስ ነበር።»

ሲራራ ነጋዴ ነበር፣ ቅድመ አያቴ። በቅሎ ጭኖ፣ መሸት ሲል ጭነቱን አራግፎ፣ እሳት አንድዶ የሚያድር። አሞሌ ጨው ይነግድ ነበር ትላለች። ነገሩ ይኼው ነው ከሐይቁ ዳር የማረከኝ። ቡናዬም ቀዘቀዘ፣ በጀቱም ቀረ።

በሱ ዘመን ጨዉ ከአፋር ሜዳ ተቆርጦ በግመል ይወጣል። ደጋ ሲደርስ በበቅሎና በአህያ ይቀጥላል። በየኬላው ቀረጥ ይከፈልበታል። ስለዚህ ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ይወደዳል። እዚያው አጠገቡ ለአንድ ማርያ ቴሬዛ ብር ብዙ አሞሌ ይመዘዛል። ጎጃም ባሶ ገበያ ሲደርስ ቁጥሩ ያንሳል። አባይን ሲሻገር ደግሞ ይብሱን ያንሳል። አሞሌ ደግሞ ሸቀጥ ብቻ አይደለም፣ ራሱ ገንዘብ ነው። በሬም በግም ይገዛል። እንግዲህ አስቡት። የሰውየው ገንዘብ በተጓዘ ቁጥር ይከብዳል። የኔ ጋላፊን ሲያልፍ ይተናል። እሱ ጨዉን ተሸክሞ ወደ ሰው ይሄዳል፣ እኔ ብሬን ተሸክሜ ጨው ለማየት ልሄድ ነው። እማዬ ብታፌዝ ይፈረድባታል?

ጣጣ አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። አሞሌ እርጥበት አይወድም። ክረምት ሲገባ ከምድጃው በላይ፣ ጭስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ጠርዙ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል። ገንዘብህ ሲሟሟ ቁጭ ብለህ ታየዋለህ ማለት ነው። የኛ የሚሟሟው ባንክ ቤት ውስጥ ስለሆነ ቢያንስ ዓይናችን አያይም። ጣሪያ ማደስ ያኔ ቁጠባ ነበር መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ቤት ውስጥ የወጥ ጨው ያለቀ ቀንስ? እንግዳ ገብቷል፣ ወጡ ጨው አልባ ሆኗል፣ ገንዘቡ ከምድጃው በላይ ተደርድሯል። ትንሽ ይፋቃል? ከየትኛው? ፈቃድ የሚሰጠውስ ማነው፣ ባል ነው ሚስት? ሰውየው ለወራት መንገድ ላይ ነው፣ ሴትዮዋ ከነልጆቿ ከገንዘቡ ሥር ተቀምጣ ወጥ ትሠራለች። ሳትነካው እንዴት ቻለች? ወይስ እየነካች ነው ያሳደገቻቸው? ቅድመ አያቴ ሲመለስ አሞሌዎቹን በእጁ ይመዝን ነበር?

እኔ ራሴን አውቃለሁ። ደመወዜ ወሩን አጋምሶ አያውቅም። ቁጠባዬን አንድ ክረምት ሳይሞላ ሽሮ ውስጥ ፍቄ እጨርሰው ነበር። ያውም ጨው አበዛሽ እየተባልኩ።